ጨዋታው አጫዋች ይፈልጋል

በስብሰባዎቻችን ላይ ስለ ልጆች ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሁለት ጫፍ ይይዛል። ገሚሱ «ጌም ልጆቻችንን አበላሸብን፤ ጭራሽ ይቅር» ይላል። ሌላው «ይሄ እኮ ትምህርታዊ ነው» ብሎ ታብሌቱን ለልጁ ሰጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ የሕዝብ ጤና ተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአክስቴን ልጆች እጠብቃለሁ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ጥያቄ የዘለሉ ይመስለኛል፦ ልጁ ሲጫወት አብሮት ያለው ማን ነው?

በመጀመሪያ «ስክሪን» የሚለውን ነገር እናጥራው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት መመሪያ አውጥቷል። ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም ይላል። የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ደግሞ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ከዚህም ውስጥ 60ው ደቂቃ ትንፋሽ የሚያስቆርጥ ሩጫና ዝላይ እንዲሆን ይመክራል። ብዙዎቻችን የምናልፋት ቃል «ተቀምጠው» የምትለዋ ናት። ሰውነትን የሚያንቀሳቅስ ጌም ከዚያች 1 ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም።

እንዲህ ያሉ ጌሞች ደግሞ አዲስ አይደሉም። የጃፓኑ ኮናሚ ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽንን ያወጣው በ1998 ነው፤ ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ የሚመጡትን ቀስቶች ተከትሎ በእግሩ ይረግጣል። በ2006 የዌስት ቨርጂንያ ግዛት ይህንኑ ጌም በስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዲያገለግል ለመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ለማዳረስ ዕቅድ አወጣች። በዚያው ዓመት የኒንቴንዶ ዊ መጣ፤ በ2019 ደግሞ ቆመው ባሉበት እየሮጡ የሚጫወቱት ሪንግ ፊት አድቬንቸር ተከተለ።

ታዲያ ጌሙን ገዝቶ ቤት ማስገባት ይበቃል? አይበቃም። በሂዩስተን የሚገኘው የቤይለር ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸው ውጤቱን በ2012 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ከ9 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች ሁሉ ዊ ተሰጣቸው፤ ገሚሶቹ የሚያንቀሳቅሱ ጌሞችን፣ ገሚሶቹ ተቀምጠው የሚጫወቷቸውን ጌሞች ወሰዱ። ከዚያ በኋላ እንደ ልባቸው እንዲጫወቱ ተተዉ፤ እንቅስቃሴያቸው ግን በሰውነታቸው ላይ በሚታሰር መለኪያ ተመዘገበ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የእንቅስቃሴ ልዩነት አልተገኘም።

ይህ እኔን አላስገረመኝም። ዊ የተጫወተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቴኒሱን ሶፋ ላይ ተጋድሞ የእጅ አንጓን ብቻ በማወዛወዝ ማሸነፍ ይቻላል። ልጅ አቋራጭ መንገድ ለማግኘት አስተማሪ አያስፈልገውም። ተነስቶ እንዲዘል የሚያደርገው ሌላ ሰው ሲኖር ነው፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ መምህር፣ ታላቅ እህት፣ ተራውን የሚጠብቅ ጓደኛ። የትኩረት ማነስ ላለባቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ልጆች የተሠራው ኢንዴቨር አር ኤክስ የተባለው ጌም እንኳ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 ሲፈቅደው በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥና የሌላ ሕክምና አካል እንዲሆን ነው።

«ያለ አስተማሪም ይማራሉ እኮ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት አለው። በታንዛንያ ገጠር በርካታ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች በታብሌት ፊደል እንዲቆጥሩ የተደረገበት ውድድር ነበር፤ ኪትኪት ስኩልና ዋንቢሊየን በ2019 ሽልማቱን ተካፈሉ። ነገር ግን ሶፍትዌሩ በስዋሂሊ፣ በልጆቹ አካባቢ በሚነገር ቋንቋ እንደነበር አንርሳ። የእኛ ልጆች ችግር ሌላ ነው። ትምህርት ቤት አላቸው፤ ታብሌትም አላቸው። የጎደላቸው በአማርኛ የሚያወራቸውና የሚያሯሩጣቸው ሰው ነው።

ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም። እናትና አባት በፈረቃ ተለዋውጠው ይሠራሉ፤ ክረምቱ ውጭ አያስወጣም፤ አፓርታማ ውስጥ ልጅ ሁለት ጊዜ ከዘለለ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያውን ይደበድባል። ታብሌቱ ልጁን ጸጥ ስለሚያሰኝ ነው የሚመረጠው። ችግሩም ያው ጸጥታው ነው።

በአክስቴ ቤት ያወጣሁት ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ተራው ያልደረሰ ይቆጥራል፣ በአማርኛ። አንዱ ባለበት ሲሮጥ ሌላው «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» ይላል፤ ከተሳሳተ ተራውን ያጣል። የ5 ዓመቷ ልጅ ከሃያ በላይ የቆጠረችው በዚህ ነው። ጉልበት፣ ተረከዝ፣ ክርን የሚሉትንም ቃላት ያወቀችው እየዘለለች ነው። ጌሙ ሲጠፋ ደግሞ በኖራ ሰኞ ማክሰኞ እናሰምራለን፤ ለእሷ ሁለቱ ልዩነት የላቸውም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ማኅበራችን ቅዳሜ ጠዋት ለሕፃናት የሒሳብና የንባብ እገዛ ይሰጣል። በመጨረሻው ላይ 30 ደቂቃ እንጨምር። አዳራሹ ምድር ቤት ስለሆነ የሚደበድብ ጎረቤት የለም። አንድ ፕሮጀክተር አለን፤ ሥራ የፈታ ዊ ወይም የዳንስ ምንጣፍ በየቤታችን አይጠፋም። ኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠኑ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ሰኞ ማክሰኞን ወደ ጌም ብትቀይሩት ደስ ይለኛል፤ ለመጀመር ግን እሱን አንጠብቅ። ምሩቃንም ብትሆኑ በወር አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ።

ሐሳቡን በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ። ለመርዳት የምትመጡ ስኒከር አድርጋችሁ ኑ፤ ቆሞ ማየት አይፈቀድም።