የማኅበራዊ አገልግሎት ረዳት ሥራ ትርፍ ሥራ አይደለም

ሰው በእርጅና ወይም በሕመም ምክንያት ከቤቱ ወጥቶ፣ የሠለጠኑ ነርሶች ወደሚጠብቁት መጦሪያ ሲገባ የሚያጣው ጤናውን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱን፣ የራሱን ደጃፍና የለመደውን ወግ ጭምር ያጣል። መድኃኒቱን ሐኪም ያዝለታል፤ ቁስሉን ነርስ ታጥብለታለች። የሰውነት ክብሩን ጠብቆ እንዲኖር የሚያግዙት ግን የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያውና ረዳቱ ናቸው። በመሆኑም የረዳቱ ሥራ እንደ ትርፍ ሊቆጠር አይገባም እላለሁ።

የአሜሪካን ሁኔታ በምሳሌነት እንመልከት። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ሕግ መጦሪያዎች የነዋሪዎቻቸውን አካላዊ ብቻ ሳይሆን አእምሯዊና ማኅበራዊ ደኅንነት እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ከ120 በላይ አልጋ ያለው መጦሪያም ቢያንስ አንድ የሙሉ ጊዜ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ እንዲቀጥር ያዛል። ሕጉ መልካም ነው፤ ቁጥሩ ግን ያሳስባል። ባለሙያው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ ለ120 ሰዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 20 ደቂቃ ነው። ከዚህም ላይ የጽሕፈቱ ሥራ ይቀነሳል።

ይህን ጉድለት የሚሞላው ረዳቱ ነው። አዲስ የገባው ነዋሪ መቼ መተኛት እንደሚወድና ምን እንደማይበላ ጠይቆ ይመዘግባል፤ ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ያገናኘዋል። የመስሚያ መሣሪያቸው የጠፋባቸው አዛውንት ዝም ቢሉ «አእምሯቸው ደክሟል» ሊባሉ ይችላሉ፤ መሣሪያውን የሚያፈላልገው ረዳቱ ነው። ልጆቻቸውን ተከትለው የሄዱና ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማይናገሩ ኢትዮጵያዊት እናት ሕመማቸውን መግለጽ ሲያቅታቸው አስተርጓሚ እንዲመጣ ያደርጋል። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን በአንድ የአገልግሎት ወቅት ለእንዲህ ያለው እንክብካቤ የሚከፍለው ቢበዛ ለ100 ቀናት ስለሆነ፣ ነዋሪው ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ዝግጅት በጊዜ ለመጀመርም ያግዛል።

አንዳንድ ሰዎች «ማጫወትማ ማን ያቅተዋል? ገንዘቡ ለነርሶች ይዋል» ይላሉ። ነርሶች እንደሚያስፈልጉ አይካድም። ይሁን እንጂ ማዳመጥ ሥልጠና ይፈልጋል። ያልሠለጠነ ሰው የሰማውን ምስጢር ያባክናል፤ ከሥልጣኑ በላይ ምክር ይሰጣል። የሠለጠነ ረዳት ግን ወሰኑን ያውቃል፤ ከባድ ኀዘን ወይም በደል መኖሩን ሲረዳ ሳይዘገይ ለባለሙያው ያስታውቃል።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች የባለሙያውን ቁጥር፣ መጦሪያዎችም የረዳቶቹን ሥልጠና ሊያሻሽሉ ይገባል። የመጦሪያ ጥራት የሚለካው በአንሶላው ንጽሕና ብቻ አይደለም፤ በዚያ የሚኖር ሰው ሲናገር የሚሰማው በማግኘቱም ጭምር ነው።