ራሴላስ በላስታ



እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1759 የኢትዮጵያውን ልዑል የራሴላስን ታሪክ ጻፈ፤ ወደ አማርኛም የመለሱት ሲራክ ኅሩይ ናቸው፡፡ ልዑሉ በአማራ ምድር፣ ተራራ በከበበው ሸለቆ፣ ሁሉ ሞልቶለት ሳለ ደስታን አጥቶ የሚበጀውን ኑሮ ለመምረጥ ወደ ግብጽ ይኮበልላል፡፡

ይህን ላሊበላ ላይ ለተማሪዎቼ ባነበብሁ ጊዜ አንድ የላስታ ገበሬ ልጅ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ እርሱ የወጣው ሞልቶለት ነው፤ እኛ ግን ተራራውን የምንሻገረው ጎድሎብን ነው» አለኝ፡፡ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ፡፡

በመጽሐፉ መጨረሻ ልዑሉ ወደ አገሩ ሊመለስ ይቈርጣል፡፡ ያው ልጅ፣ «ምን ይዞ?» ሲል ጠየቀ፡፡ መጽሐፉ ይህን አይነግረንም፡፡

አንተስ፣ ከአገርህ ወጥተህ በከተማ ደመወዝ የምታድር ወንድሜ፣ ምን ይዘህ ትገባ ይሆን?