ስለ ወንዶች ጡት ማደግ

በጊደር መጋላ ፀሓይ በምትበረታበት ሰዓት ኩታውን ከደረቱ ላይ የማያወርድ ጐረምሳ ብታዩ፥ ብርድ ይዞት ነው አትበሉ። ምናልባት ጡቱ አድጎበት የባልንጀሮቹን ሣቅ ፈርቶ ይሆናል።

ወንድ ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ ጥቂት የሴት ሆርሞን አለው። ለአቅመ አዳም በሚደርስበት ጊዜ ሚዛኑ ስለሚናወጥ፥ ከወንዶች ልጆች እኩሌታ ለሚያህሉት ይህ ነገር ይደርስባቸዋል፤ ከጡቱ ጫፍ ሥር ጠጠር ያለ እብጠት ይወጣል፥ ሲነኩትም ያማል። ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። አባት ይህን ለልጁ ለብቻው ጠርቶ ይንገረው፤ በእንግዳ ፊት እያነሣ የሚያሥቅበት አባት ግን (እንዲህ ያለም አይጠፋም) ከእብጠቱ የባሰ ያቆስለዋል።

በጐለመሰ ሰው ላይ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ጉበት ሲታመም የሆርሞኑ ሚዛን ይፋለሳልና ጡት ያድጋል። በሐረር ደግሞ የጉበት ነገር በቀላል የሚታይ አይደለም፤ በከተማይቱ ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ጥናት፥ ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋራ እንደሚያያዝ አሳይቷል። ሆዱ ውሃ ለቋጠረ የጉበት ሕመምተኛ የሚሰጠው ስፒሮኖላክቶን የተባለው መድኃኒትም ራሱ ጡት ያሳድጋል። ሕመምተኛው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይተወው፤ በሌላ ሊለወጥለት ይችላልና።

በአንድ ወገን ብቻ ጠንካራ እብጠት የተገኘበት፥ ወይም ከጡቱ ጫፍ ደም የሚወጣው ሰው ቀን ሳያሳልፍ ወደ ሕይወት ፋና ይሂድ፤ የጡት ነቀርሳ ወንድንም ይይዛልና። ሰው እንዳያየው ቢያፍር፥ ኩታውን እስከ ምርመራው ክፍል ድረስ ተከናንቦ ቢገባ የሚከለክለው የለም።