የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ በአንጎል ምስል ላይ ስለሚታዩ ነጭ ነጠብጣቦች

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1868 ሻርኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በሙታን አንጎል ያየውን ጠባሳ ከሕያዋን ደዌ ጋር አዛምዶ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለውን የነርቭ ደዌ ካስታወቀ ወዲህ ዘመን ተለውጦ፣ ያው ጠባሳ በኤምአርአይ ምስል ላይ የሚታይበትን፣ የነርቭ ሊቃውንት በዓይናቸው ይቆጥሩት የነበረውን ነጭ ነጠብጣብ ዛሬ ኮምፒዩተር የአምናውን ከዘንድሮው ደርቦ፣ አዲስ የወጣውን ለይቶና ስፋቱን ለክቶ ያቀርብላቸዋል። ይህን እትም ለዚህ ጥበብ ስንመድብ በልቡናችን ያለው፣ በዚሁ ደዌ አንድ ዓይኑ በድንገት ፈዝዞ፣ ጠበል ተጠምቆ ሲሻለው ረስቶት፣ ከወራት በኋላ እግሩ ደንዝዞ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣው የባሌ ደገኛ ነው። ደዌው በምድር ወገብ አካባቢ ከሰሜኑ ዓለም ይልቅ ብርቅ ቢሆንም (ብርቅነቱ ለታመመው ምን ይፈይደዋል?)፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሕሙማን ምስል ብቻ የሠለጠነ ኮምፒዩተር፣ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ወይም ኤችአይቪ በአንጎል የሚተወውን ምልክት ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጠባሳ ጋር እንዳያደባልቅ ያሰጋል፤ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችም የመጀመሪያውን መጣጥፍ ከዚህ ስጋት አንጻር ያነቡት ዘንድ እንለምናለን።