ያለቀው የኢንተርኔት አድራሻና የደላሎች ገበያ

መሬት፣ ቤት፣ መኪናና የቀንድ ከብት በደላላ አማካይነት መሸጥና መለወጥ የቆየ ልማድ ነው። ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ግን በዓይን የማይታይና በእጅ የማይዳሰስ ሀብት ደላላ አግኝቶ፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር ሲሸጥና ሲገዛ ቆይቷል። ይህ ሀብት የኢንተርኔት አድራሻ ሲሆን፣ ጉዳዩ ከቴክኖሎጂ ባለሙያዎች አልፎ በጀት የሚይዙ፣ ግዥ የሚፈጽሙና ፖሊሲ የሚያወጡ የመንግሥት አካላትን ትኩረት የሚሻ ሆኗል።

ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ማንኛውም ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ወይም የሞባይል ስልክ መረጃ የሚላክበትና የሚቀበልበት መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት አራተኛው የአድራሻ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ሲሆን፣ በጠቅላላው ሊያስገኝ የሚችለው የቁጥር መጠን 4 ነጥብ 3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ሥርዓቱ በተቀረጸበት ወቅት ተጠቃሚዎቹ ጥቂት የምርምር ተቋማት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለነበሩ፣ ይህ መጠን ያልቃል ብሎ የሠጋ አልነበረም። በመሆኑም ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለአንድ ኩባንያ ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ በጥያቄ ብቻ፣ ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር።

ኢንተርኔት ወደ ንግዱ ዓለምና ወደ እያንዳንዱ ቤት ሲገባ ሁኔታው ተለወጠ። የዓለም የአድራሻ ክምችት የመጨረሻዎቹ አምስት ታላላቅ ድርሻዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ለአምስቱ አህጉራዊ መዝጋቢ ተቋማት እኩል ተከፋፈሉ። ከሁለት ወራት በኋላ የእስያና የፓስፊክ መዝጋቢ ወደ መጨረሻው ድርሻው ገባ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የሰሜን አሜሪካው ነፃ ክምችት ተሟጠጠ። አውሮፓንና መካከለኛውን ምሥራቅ የሚያገለግለው ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 የመጨረሻውን ድርሻ አድሎ፣ አዲስ ጠያቂዎችን ወረፋ ማስያዝ ጀመረ።

በነፃ የሚገኘው ሲያልቅ፣ ቀደም ሲል በብዛት ወስደው ያልተጠቀሙበት ወገኖች ሻጮች ሆኑ። ለገበያው መከፈት እንደ ምሳሌ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2011 የተፈጸመው ሽያጭ ነው። የከሰረው የካናዳ የቴሌኮም ኩባንያ ኖርቴል ንብረቱ ለአበዳሪዎች ክፍያ ሲሸጥ፣ ማይክሮሶፍት 666 ሺህ 624 አድራሻዎችን በ7 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የአንዱ ዋጋ 11 ዶላር ከ25 ሳንቲም መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ካልተጠቀመበት ድርሻው 8 ሚሊዮን ያህሉን እንደሚሸጥ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ለአማተር ሬዲዮ አገልግሎት ከተያዘው ድርሻ 4 ሚሊዮን ያህል አድራሻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ወደ አማዞን ተዛወረ። የአንድ አድራሻ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ከ50 ዶላር በላይ ደርሶ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዝቅ ብሏል።

ደላላው ወደ ሥራው የሚገባው በዚህ መካከል ነው። ሻጩና ገዢው በአብዛኛው አይተዋወቁም፤ ብዙውን ጊዜም በተለያዩ አህጉራት ይገኛሉ። ደላላው ሻጩ የመሸጥ መብት ያለው መሆኑን ያጣራል፣ ዋጋ ያደራድራል፣ የገዢውን ገንዘብ በሦስተኛ ወገን ዘንድ ያስይዛል፣ መዝጋቢው ተቋም ዝውውሩን ሲያጸድቅም ሒሳቡን አስከፍሎ ኮሚሽኑን ይወስዳል። በአንድ ጊዜ ሊዛወር የሚችለው ዝቅተኛው መጠን 256 አድራሻ ነው። ጥቂት መዝጋቢ ተቋማት የታወቁ ደላሎችን ዝርዝር ይፋ ያደርጋሉ፤ ይሁንና ለሥራቸው ዋስትና አይሰጡም።

ገበያው ከአደጋ የጸዳ አይደለም። አንደኛው አደጋ የአድራሻው ያለፈ ታሪክ ነው። ቀድሞ አላስፈላጊ መልዕክት ለመበተን ወይም ለማጭበርበር የዋለ አድራሻ በጥቁር መዝገብ ውስጥ ሰፍሮ ስለሚቆይ፣ የገዛው መሥሪያ ቤት የሚልከው ኢሜይል ለተቀባዩ ሳይደርስ ይቀራል። ሁለተኛው የሐሰት ሰነድ ነው። መቀመጫውን በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት ያደረገ አንድ ኩባንያ፣ በሌሉ ድርጅቶች ስም ሰነድ አዘጋጅቶ ከሰሜን አሜሪካው መዝጋቢ ከ700 ሺህ በላይ አድራሻዎችን መውሰዱ ተደርሶበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ክስ ተመሥርቶበታል። ተከሳሾቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ጥፋተኝነታቸውን አምነዋል።

ጉዳዩ በተለይ አፍሪካን የሚነካበት ምክንያት አለ። የአፍሪካ መዝጋቢ ተቋም የሆነው አፍሪኒክ መቀመጫው ሞሪሸስ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በአገልግሎቱ ክልል ውስጥ ትገኛለች። በአህጉሩ የኢንተርኔት አገልግሎት ዘግይቶ በመስፋፋቱ፣ የሌሎቹ ክምችት ባለቀበት ጊዜ በአፍሪኒክ እጅ ገና ያልታደለ አድራሻ ነበር። በነፃ የሚሰጥ ነገር በሌላ ሥፍራ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ፣ ወደዚያው እንዲሄድ የሚገፋው ፍላጎት እንደሚበረታ ግልጽ ነው። አፍሪኒክ ባካሄደው ማጣራት ከ4 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ያለአግባብ በሌሎች እጅ መግባታቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ አድርጓል።

ሌላው ውዝግብ ወደ ፍርድ ቤት አምርቷል። በሲሸልስ የተመዘገበው ክላውድ ኢኖቬሽን የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ከ6 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎችን ከአፍሪኒክ ወስዷል። አፍሪኒክ አድራሻዎቹ ከስምምነቱ ውጪ ውለዋል በሚል ሊነጥቅ ሲነሳ፣ ኩባንያው ውንጀላውን ባለመቀበል ክስ መሠረተ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 የአፍሪኒክ የባንክ ሒሳብ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ታገደ። ተቋሙ ለዓመታት የተሟላ የዳይሬክተሮች ቦርድ አጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በፍርድ ቤት በተሾመ ንብረት ተቀባይ ሥር ዋለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የተጀመረው የቦርድ ምርጫ ተሰርዞ፣ አዲስ ቦርድ የተመረጠው በመስከረም 2025 ነው።

ከክርክሩ በስተጀርባ ያለው መሠረታዊ ጥያቄ አድራሻ ንብረት ነው ወይስ በአደራ የተሰጠ የመጠቀም መብት የሚለው ነው። መዝጋቢ ተቋማት አድራሻ የማኅበረሰቡ የጋራ ሀብት መሆኑንና ለተጠቃሚው የሚሰጠው የመጠቀም መብት ብቻ መሆኑን ሲናገሩ ኖረዋል። ይሁንና ሽያጩንና ዝውውሩን የሚፈቅድ ደንብ ያወጡትም እነርሱ ራሳቸው ናቸው። በዚህም ሳቢያ በስም አደራ የሆነው ነገር በተግባር ሸቀጥ ሆኗል። አደራና ሸቀጥ በተቀላቀሉበት ቦታ ደግሞ አቅም ያለው ሲጠቀም፣ ዘግይቶ የመጣው ይጎዳል።

የእጥረቱ ዋጋ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ላይ ይወድቃል። አማዞን በኪራይ የኮምፒውተር አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በእያንዳንዱ አድራሻ በዓመት ወደ 44 ዶላር የሚጠጋ ክፍያ መጠየቅ ጀምሯል። አንድ መቶ አድራሻ የያዘ ተቋም በዓመት 4 ሺህ 380 ዶላር፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ፣ ይከፍላል ማለት ነው። አድራሻ ያጠራቸው የቴሌኮም ድርጅቶች በበኩላቸው ብዙ ደንበኞች አንድን አድራሻ በጋራ እንዲጠቀሙ ያደርጋሉ። ይህም አንዱ ባጠፋው ሌሎቹ አብረው እንዲታገዱ፣ በወንጀል ምርመራም ፈጻሚውን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ እንዲሆን ያደርጋል።

መንግሥታት ራሳቸውም ሳያውቁት ሻጭ ሊሆኑ የሚችሉበት አጋጣሚ አለ። የብሪታንያ የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ይዞ ለረጅም ዓመታት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጉዳዩ በሕዝብ ዘንድ ጥያቄ አስነስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚሁ ክምችት የተወሰነው ለገበያ ቀረበ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ በእጁ ያለውን ያልመዘገበ መሥሪያ ቤት የያዘውን ሀብት ዋጋ አያውቅም።

ዘላቂው መፍትሔ ስድስተኛው የአድራሻ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ይህ ሥርዓት የሚያስገኘው ቁጥር 340 ላይ 36 ዜሮዎች ተጨምረው የሚጻፍ በመሆኑ፣ እጥረት የሚባል ነገር አያሠጋውም። ሆኖም ሁለቱ ሥርዓቶች በቀጥታ ስለማይግባቡ ሽግግሩ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ዘግይቷል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. እስከ 2025 የበጀት ዓመት መጨረሻ ከመሣሪያዎቻቸው 80 በመቶውን በአዲሱ ሥርዓት ብቻ እንዲያሠሩ አዟል። የቼክ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከሰኔ 6 ቀን 2032 ጀምሮ በአሮጌው ሥርዓት አገልግሎት መስጠቱን እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2024 ወስኗል። የሁለቱም አካሄድ የሚያሳየው ሽግግሩን የሚያፋጥነው ቀን የተቆረጠለት የመንግሥት ውሳኔ መሆኑን ነው።

ከዚህ አኳያ መሥሪያ ቤቶች ያለ ተጨማሪ በጀት ዛሬውኑ ሊጀምሯቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ። በስማቸው የተመዘገቡ አድራሻዎችን እንደ ማንኛውም የመንግሥት ንብረት ቆጥረው መዝግበው መያዝ የመጀመሪያው ነው። የመገናኛ መሣሪያና የሶፍትዌር ግዥ ሲፈጸም አዲሱን ሥርዓት የሚቀበል መሆኑን በጨረታ ሰነድ ውስጥ በግልጽ ማስፈር ይከተላል። አድራሻ በደላላ በኩል መግዛት ወይም መከራየት የግድ ሲሆን ደግሞ የሻጩን መብት በመዝጋቢው ተቋም፣ የአድራሻውን ታሪክም በጥቁር መዝገቦች አስቀድሞ ማጣራት፣ ዝውውሩ ሳይጸድቅም ክፍያ አለመፈጸም ተገቢ ነው።

ዛሬ ከደላላ የሚገዛ እያንዳንዱ አድራሻ ጊዜያዊ ችግርን ያቃልላል። ለዚሁ የሚወጣው ገንዘብ ግን የሚውለው ሌሎች አገሮች ጥለውት ለመውጣት ቀን በቆረጡለት አሮጌ ሥርዓት ላይ መሆኑን ውሳኔ ሰጪዎች ሊያጤኑት ይገባል።