ኢንች አይጫወትም

ሾላ ገበያ ቅቤ የሚገዛ ሰው ዝም ብሎ አይገዛም። በጣቱ ጫፍ ቆንጥሮ ያሸታል፣ ምላሱ ላይ ያደርጋል፣ መዳፉ ላይ አሽቶ ያየዋል። «ለጋ ነው፣ ዛሬ የገባ ነው» ቢሉትም አያምንም፤ ሌላ ሻጭ ጋ ሄዶ ደግሞ ይቀምሳል። ይኸው ሰው ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ ከወር ደሞዙ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ ቴሌቪዥን ሲገዛ ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ስንት ኢንች ነው?» መልሱን ሰምቶ ዋጋ ይከራከራል፣ ካርቶኑን ታክሲ ላይ ያስጭናል። ቤት ገብቶ ልጁ ላፕቶፑን ሲሰካበት ነው ጉዱ የሚወጣው።

ሐሳቡ የተለመደ ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን ካለ ሞኒተር ምን ያደርጋል? ቀን ልጆቹ ጌም ይጫወቱበታል፣ ማታ ቤተሰቡ ድራማ ያይበታል፣ ባንድ ወጪ ሁለት ጉዳይ ያልቃል። ለአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ወይም ለጠባብ ኮንዶሚኒየም ይህ ሒሳብ ስሕተት የለበትም። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ። ያን ዕለት ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ወደ 74 ብር አካባቢ ዘለለ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ 100ን አለፈ። ዕቃው ሁሉ ከውጭ በሚገባበት አገር ለአንድ ቤት ሁለት ስክሪን ግዙ ብሎ መምከር ሰው ላይ መቀለድ ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ሞኒተር ይሁን በሚለው አልጣላም። የምጣላው ከኢንቹ ጋር ነው። ሻጩ በኢንች ይጠራዋል፣ ደላላው በኢንች ያስተዋውቃል፣ ጎረቤትም በኢንች ይፎካከራል። ጌም ግን በኢንች አይሠራም።

ከስፋቱ እንጀምር። ባለ 55 ኢንች ስክሪን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 122 ሳንቲሜትር ገደማ ይሰፋል። ኪቦርድና ማውዝ ይዞ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ከስክሪኑ የሚርቀው ከ70 እስከ 80 ሳንቲሜትር ነው። በዚህ ርቀት አንዱን ጥግ ለማየት አንገት መዞር አለበት። ተኳሽ ጌም የሚጫወት ልጅ በቀኝ ጥግ ያለችውን ካርታ ሲያይ በግራ የመጣበትን አያይም። ጥራቱም ቢሆን ሲሰፋ ይሳሳል። 4ኬ የሚባለው ስክሪን 43 ኢንችም ሆነ 65 ኢንች የፒክሰሉ ብዛት ያው 8.3 ሚሊዮን ነው፤ ልዩነቱ ያን ያህል ፒክሰል በምን ያህል ስፋት ላይ ተሰጣ የሚለው ነው። በ43 ኢንች ላይ በእያንዳንዱ ኢንች 102 ያህል ፒክሰል ይደረደራል፣ በ55 ላይ 80፣ በ65 ላይ 68 ብቻ። 80 ማለት ተራ ባለ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተር የሚሰጠው ነው። ሰውየው ዋጋ የጨመረው ለጥራት መስሎት ነበር።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ መዘግየቱ ነው።

ቴሌቪዥን የተሠራው የተላከለትን ምስል አሳምሮ እንዲያሳይ ነው። ቀለም ያደምቃል፣ እንቅስቃሴ ያለሰልሳል፣ ብናኝ ያጠፋል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ጊዜ ይወስዳል። ድራማ ለሚያይ ሰው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ምኑም አይደለም፣ ድምፁም ከምስሉ ጋር አብሮ ይመጣለታል። ጆይስቲክ ለያዘ ሰው ግን ብዙ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች «ጌም ሞድ» የሚባለው ካልተከፈተ ከ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያሉ። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ጌም ይህ ከሦስት እስከ ስድስት ፍሬም ነው፤ ተጫዋቹ የሚያየው ያለፈውን ነው። ኳሱን ለማሳለፍ ቁልፉን ሲጫን ተከላካዩ ቀድሞ ደርሷል። ጌም ሞድ ሲከፈት የቅርብ ጊዜዎቹ ቴሌቪዥኖች ወደ 10 ወይም 15 ሚሊሰከንድ ይወርዳሉ። መክፈቻው ያለው ሴቲንግ ውስጥ፣ ሦስት አራት ደረጃ ወርዶ ነው። ሱቅ ውስጥ ማንም አይከፍተውም።

ታዲያ ይህን ያህል የሚከፋ ከሆነ ሕዝቡ ለምን አላወቀውም? እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ ጌም የተማርንበት ቦታ ላይ ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ልጅ ፊፋ የለመደው በሰፈሩ ፕሌስቴሽን ቤት ነው፤ ሁለት ልጆች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ተሸናፊ ይከፍላል። እዚያ ስክሪኑ ቢዘገይ ለሁለቱም እኩል ነው የሚዘገየው። አንዱ ሌላውን ሲያሸንፍ ቴሌቪዥኑን የሚከስ የለም። ቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ከሌላ አገር ልጅ ጋር ሲገጥም ግን ተጋጣሚው ፈጣን ሞኒተር ፊት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያኔም ቢሆን የምንረግመው ኢንተርኔቱን ነው። ኢንተርኔቱ አይወቀስም አልልም፤ ግን የቴሌቪዥኑ ድርሻ በዚያ ላይ የሚደመር ነው፣ እሱን ደግሞ በሪሞት መቀነስ ይቻል ነበር።

የፕሌስቴሽን ቤቱ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ በራቸው ላይ «4ኬ ስክሪን» ብለው የሚለጥፉ አሉ። ውስጥ ያለው ተራው ፕሌስቴሽን 4 ከሆነ ጌም የሚያወጣው ቢበዛ በ1080 መስመር ነው፤ የቀረውን ቴሌቪዥኑ በግምት ይሞላዋል። ኮምፒውተርም ላይ እንዲሁ ነው። 4ኬ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ፒክሰል ነው፣ ያን የሚሞላው ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ ነው። መጠነኛ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ አዲስ ጌም በ4ኬ ሲጠየቅ ያቃስታል። ቆየት ያለ ላፕቶፕ ከሆነማ የኤችዲኤምአይ መውጫው 1.4 ሊሆን ይችላል፤ እሱ 4ኬ የሚልከው በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው። ማውዙ ስክሪኑ ላይ እየተጎተተ ሲሄድ ባለቤቱ «ቲቪው ፌክ ነው» ይላል። ቲቪው ፌክ አይደለም። በ1080 ቢያደርገው ወደ 60 ይመለስለት ነበር።

ፌክ የሚባል ነገር ካለ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው። «120 ኸርዝ» የሚል ስቲከር አይቶ የሚደሰት ሰው፣ ቁጥሩ ፊት የቆመውን ቃል ማንበብ አለበት። ሳምሰንግ «ሞሽን ሬት 120»፣ ኤልጂ «ትሩሞሽን 120» ብለው የጻፉባቸው ቴሌቪዥኖች ፓኔላቸው 60 ኸርዝ የሆኑ ሞልተዋል፤ ቁጥሩ የሚናገረው ምስል ስለማለስለሱ እንጂ ፓኔሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚቀየር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቪዚዮ የተባለው ኩባንያ «ኢፌክቲቭ 120 ኸርዝ» እያለ በመሸጡ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተከሶ 3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እኛ ጋ እንዲህ ብሎ የከሰሰ ገዢ አልሰማሁም፤ ስቲከሩ ግን ያው ነው። «ኤችዲኤምአይ 2.1» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ዋስትና አይሆንም። ስያሜውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጡት፣ 2.0 የሚባለው ቀርቶ በ2.1 ሥር ተጠቃሏል፣ የ2.1 አዳዲስ ችሎታዎችም ግዴታ አይደሉም። ስለዚህ 4ኬን በ120 ኸርዝ የማይቀበል መሰኪያ በሕጋዊ መንገድ 2.1 ተብሎ ይሸጣል።

ሱቁ ውስጥ የሚታየውስ? ፍላሽ ላይ የተጫነ ፏፏቴ፣ ዓሣ፣ በቀስታ የሚቆረጥ ብርቱካን። ብርሃኑም ቀለሙም እስከ ጥግ ተለቅቋል። በዚህ ፊልም የማያምር ቴሌቪዥን የለም፤ ለዚያ ነው የተመረጠው። ኮምፒውተር ሲሰካበት ምን እንደሚሆን ግን አንዳች አይናገርም።

የሚናገረው ላፕቶፑ ነው። ገዢው የራሱን ላፕቶፕና ገመድ ይዞ ይሂድ። ሲሰካው መጀመሪያ የታችኛውን ጠርዝ ይመልከት፤ የዊንዶውስ ታስክባር ግማሹ ከተቆረጠ ቴሌቪዥኑ ምስሉን እየለጠጠው ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ይስተካከላል። ቀጥሎ ሰማያዊ መደብ ላይ በትንንሽ ቀይ ፊደል «ጨጩ፣ ኘኙ፣ ጠጡ» ብሎ ይጻፍ። ቴሌቪዥኖች ብዙ ጊዜ የቀለሙን መረጃ ለጎረቤታም ፒክሰሎች አካፍለው ነው የሚያሳዩት። ፊልም ድሮውንም እንደዚያ ስለሚቀመጥ አይታወቅም፤ ፊደል ላይ ግን ጠርዙ ይደፈርሳል፣ ግዕዙና ካዕቡ ይመሳሰላሉ። ሳምሰንግም ኤልጂም ላይ መሰኪያው «ፒሲ» ተብሎ ሲሰየም አብዛኛውን ጊዜ ይጠራል። ካልጠራ ያ ቴሌቪዥን ለኮምፒውተር አልተሠራም ማለት ነው፤ ሪፖርት ሊጽፍበት ላሰበ ተማሪ ዐይን ማጥፊያ ነው። ከዚያ የዊንዶውስ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ስንት ኸርዝ እንደሚሰጠው ይይ። ስቲከሩ 120 ብሎ ዝርዝሩ 60 ላይ ካቆመ፣ ገመዱንና የላፕቶፑን መውጫ አጣርቶ፣ ዋጋውን እንደ 60 ይከራከር። መጨረሻ ጌም ሞድን እየዘጋና እየከፈተ ማውዙን በፍጥነት ያዙር። ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

 

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ኪቦርድና ማውዝ ይዞ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ሰው 43 ኢንች በቂ ነው፣ ለአንዳንዱም ይበዛል። 55 የሚሆነው ሶፋ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ ጆይስቲክ ለሚይዝ ነው። ሁለቱንም የሚፈልግ ቤተሰብ 50 ላይ ይስማማና የቀረውን ብር ፓኔሉና መሰኪያው የተሻለ ወደሆነው ይጨምር። ዋጋቸው የተቀራረበ 65 ኢንች ተራና 50 ኢንች ጥሩ ጎን ለጎን ቆመው 65ቱ ሲመረጥ ሳይ የማዝነው ለልጁ ነው።

ሻጮች የሚሰጡት መልስ ይታወቃል፦ «ካርቶኑ ከተከፈተ አዲስ አይባልም»፣ «ሴቲንጉን ቤትህ ታስተካክለዋለህ»። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው፣ ሞዴሉ ያው የሆነው ይሞከር፣ ቁጥሩም ከካርቶኑ ጋር ይመሳከር፤ አንድ ፊደል ሲለወጥ ፓኔሉም ሊለወጥ ይችላልና። ሁለተኛው ግን መልስ አይደለም፤ ፓኔሉ የሌለውን ሴቲንግ አያመጣውም። ፏፏቴውን አጥፍቶ ላፕቶፕ ለመሰካት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ቢያጋጥም ብሩ ገና ኪስ ውስጥ ነው፤ ከሾላ እስከ መገናኛ ደግሞ ቴሌቪዥን የሚሸጠው እሱ ብቻ አይደለም።