አሮጌውን ከፍቶ ማሻሻል ወይስ አዲስ መገጣጠም?

ሰው በገዛ እጁ የሠራው ነገር ከተገዛው ይልቅ ይጥመዋል። ይሁን እንጂ ሁሉን ነገር ከመሠረቱ መጀመር ዘወትር የብልኅነት ምልክት አይደለም። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአሶሳ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግል ወጣት ዘመዴ ጋር ያደረግሁት ክርክር ነው።

የወጣቱ የቤት ኮምፒዩተር ተጎታች ሆናበታለች። ጠዋት ቁልፏን ተጭኖ፣ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ አትነሣለትም። ስለዚህ እርስዋን ጥሎ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ራሱ አዲስ ሊገጣጥም ቆርጧል። «እስቲ መጀመሪያ ያለችህን ክፈታት» ብለው፣ «ጋሼ፣ እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ ዓባይን የሚያህል ወንዝ በራሳችን ገንዘብ ገድበን የለም ወይ? አንዲት ኮምፒዩተር መገጣጠም እንዴት ያቅተናል?» ሲል መለሰልኝ።

ንግግሩ ደስ አሰኝቶኛል። ከደመወዙ እየቀነሰ ቦንድ የገዛ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ቢናገር ያምርበታል። ነገር ግን ግድቡን ለምስክርነት የጠራ ሰው የምስክሩን ቃል እስከ መጨረሻው ሊሰማ ይገባዋል።

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 13 ተርባይኖችና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ነበረው። 13ቱ ግን በአንድ ቀን አልተነሡም። የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል መስጠት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሌሎቹ ከዚያ በኋላ በየተራቸው ተከተሉ። ከዚህም በፊት፣ በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮ መካኒክ ሥራው መዘግየቱ በታወቀ ጊዜ፣ ግድቡ ፈርሶ እንደገና ይጀመር አልተባለም፤ የዘገየው ክፍል ተለይቶ ሥራው ለሌሎች ተሰጠ እንጂ። ሕመሙን መርምሮ መለየትና የታመመውን ብቻ መለወጥ ማለት ይህ ነው።

ለቤት ኮምፒዩተርም መንገዱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ኮምፒዩተር የምትጎተተው ብዙ ጊዜ መላ አካሏ ስላረጀ ሳይሆን ከሦስት ነገሮች በአንዱ ምክንያት ነው። አንደኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። ይህ ዕቃ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ ስላለው፣ የሚፈለገው ጽሑፍ በመርፌው ሥር እስኪደርስ ይጠበቃል። በስፍራው የማይንቀሳቀስ አካል የሌለበት ኤስ ኤስ ዲ ቢገባ፣ ያችው አሮጌ ኮምፒዩተር ሌላ ትመስላለች። ሁለተኛው የራም ማነስ ነው። ራም እንደ ጽሕፈት ጠረጴዛ ነውና ሲጠብ፣ ሠራተኛው ወረቀቱን ለመፈለግ ወደ መሳቢያው ሲመላለስ ይውላል። ሦስተኛው አቧራ ነው። በበጋ ወራት የሚነሣው አቧራ ማራገቢያውን ሲደፍነው፣ ፕሮሰሰሩ ከሙቀት ለመዳን ሲል ፍጥነቱን በገዛ ፈቃዱ ይቀንሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ለስላሳ ብሩሽና ትዕግሥት ነው።

ለመክፈት ካቻቢቴ ይበቃል፤ መክፈት ግን መዳፈር አይደለም። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ከውጭ አገር የመጣች ያገለገለች ኮምፒዩተር ገዝቼ፣ በስተኋላዋ ያለችው ቀይ መቀያየሪያ 115 ላይ መሆኗን ሳልመለከት፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሰካኋት። እንደ ርችት ጮኻ ጢስ ተፋች። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የራሴ ችኮላ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ጽሑፍን ወደ ሌላ ስፍራ መገልበጥ፣ ሶኬቱን መንቀል፣ በሰውነታችን የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው የኬዙን ብረት በእጅ መንካት ያስፈልጋል።

አዲስ መገጣጠም ይሻላል የሚሉትም በከንቱ አይከራከሩም። አሮጌ ማዘርቦርድ የዘመኑን ራም አይቀበልም። በአንዳንድ ላፕቶፖች ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለ ተበየደ ሊለወጥ አይችልም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረው መደበኛ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ የቆዩ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም። ያለ ዋጋ የሚገኘው ሊኑክስ ለብዙዎቹ ዕድሜ ቢጨምርላቸውም፣ የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ መፍትሔ አይሆንም። ደግሞም የቤት ኮምፒዩተር ታሪክ የጀመረው በገጣጣሚዎች ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1975 በአሜሪካ ለሽያጭ የቀረበውን አልቴር 8800 ብዙ ወጣቶች በየቤታቸው እየበየዱ ሠርተውታል።

እኔም መገጣጠምን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ቅደም ተከተሉን መሳት ነው። ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ መቀመጫ ጋር ባይስማማ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ዐቅም ቢያንሰው፣ በአሶሳ ያለ ገጣጣሚ ዕቃውን ለማስለወጥ እንደገና ወደ አዲስ አበባ መላክ ሊኖርበት ነው። ዕቃው ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነውና፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ስሕተት ውድ ሆኗል። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል። የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ይህን የመሰለ የትምህርት ክፍያ የሚሸከም አይደለም።

ከዚህም ሌላ «ራሴ ሠራሁ» ስንል ፕሮሰሰሩን አልሠራነውም። የግድቡ ተርባይኖችም ከውጭ የመጡ ናቸው፤ የእኛ የሆነው ውሳኔው፣ ገንዘቡ፣ ላቡና በሥራው ላይ የተገኘው ዕውቀት ነው። በኮምፒዩተርም ቢሆን ሀብታችን ዕውቀቱ ነው። ይህም ዕውቀት በርካሽ የሚገኘው፣ ብትበላሽም ብዙ በማታስቈጭ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። መጀመሪያ ክፈትና አጽዳ። ከዚያ ኤስ ኤስ ዲ አስገባ፤ ቦርዱ ከፈቀደና ዋጋው ከተቻለህ ራም ጨምር። የማሻሻያው ወጪ የአዲሱን ግማሽ የሚያልፍ ከሆነ ወይም ቦርዱ እንቢ ካለ፣ ያን ጊዜ ሳትፈራ አዲስ ገጣጥም፤ ኤስ ኤስ ዲውንም ከአሮጌዋ አውጥተህ ውሰድ። አዲሲቱንም ስትመርጥ ለነገ ተጨማሪ የሚሆን ባዶ ስፍራ ያላት ትሁን።

ከወጣቱ ዘመዴ ጋር ባለፈው እሑድ ኮምፒዩተርዋን ከፈትናት። ከማራገቢያው የወጣው አቧራ በጭብጥ የሚዘገን ነበር። ሃርድ ዲስኩ በኤስ ኤስ ዲ ሲለወጥ፣ ውሃው ሳይፈላ ኮምፒዩተርዋ ተነሣች። እርሱ ግን ሐሳቡን አልተወም፤ የትኛው ቦርድ ከየትኛው ፕሮሰሰር እንደሚስማማ በደብተሩ እየጻፈ ገንዘብ ያጠራቅማል። እኔም አልከለከልኩትም፤ አሁን የሚገጣጥመው የከፈተውን ዐውቆ ነውና።

እናንተም ወጣቶች ሆይ፣ ካቻቢቴውን አንሡ፤ አስቀድማችሁ ግን ሶኬቱን ንቀሉ።